የድሬዳዋ ቤተሰብ ታሪኩን እንዴት ይሰብስብ?

በድሬዳዋ «የማን ልጅ ነህ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣው «ከየት ነው የመጣችሁት?» የሚለው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም እዚህ ሲደርስ አገሩ የኦሮሞና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሐረር፣ ከሸዋ፣ ከጉራጌ፣ ከየመን፣ ከግሪክ፣ ከአርመን፣ ከሕንድና ከፈረንሳይ የመጣ ሰው በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ሰፈረ፤ በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላው መጋላ ተቆረቆሩ። ስለዚህ የዚህች ከተማ የቤተሰብ ታሪክ የሚጀምረው ከመምጣት ነው ባይ ነኝ። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም። ነገር ግን አያቱ ምን ተሸክሞ፣ ማንን ተከትሎ እንደመጣ ካልነገረን ስሞቹ ባዶአቸውን ይቀራሉ።

ለሥራው የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እርሳስ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና ትዕግሥት ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለውም፤ ጊዜ ግን አይሰጥም። የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነውና ዛሬውኑ ጀምሩ።

መጀመሪያ የገዛ ቤታችሁን ፈትሹ

ሽማግሌ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቡ። የጡረታ ደብተር፣ የድሮ መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የሰማንያ ወይም የኒካህ ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የሥራ ስንብት ደብዳቤ፣ ከጅቡቲ የተላከ ፖስታ፣ አንዱንም አትናቁ። የዳዊቱን፣ የውዳሴ ማርያሙን ወይም የቁርኣኑን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጾች ግለጡ፤ ብዙ አባቶች የልጆቻቸውን የልደት ቀን የጻፉት እዚያ ነው።

ሁለት ዓይነት ወረቀት ከሌላው አብልጣችሁ ፈልጉ። አንደኛው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ነው። ሟቹ ከሌላ ሚስት የወለዳቸው፣ በሌላ ከተማ የሚኖሩ፣ ቤተሰቡ በወሬ ብቻ የሚያውቃቸው ልጆች ሁሉ በስም ተዘርዝረው የሚገኙት እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከ1967 ዓ.ም ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ቤታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች አቤቱታ ጽፈዋል። አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ቤቱን ማን እንደሠራው፣ ከማን እንደወረሰው፣ ማን እንደኖረበት መናገር አለበት። አንድ ገጽ አቤቱታ ከብዙ ሰዓት ጭውውት የበለጠ ሊያስረዳችሁ ይችላል።

ለልደት ምስክር ወረቀት ብላችሁ ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ብትሄዱ ለአያቶቻችሁ የምታገኙት ጥቂት ነው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነውና።

ስምን በሁሉም መልኩ ጻፉ

አንድ ሰው ብዙ ስም አለው፦ የመዝገብ ስም፣ የክርስትና ስም፣ እናት ያወጣችለት የቤት ስም፣ ሰፈር ያወጣለት ቅጽል ስም። የባቡር ሠራተኛ ከነበረ ደግሞ በፈረንሳይኛ ፊደል የተጻፈ አንድ ስም ይጨመርበታል፤ ይኸውም ጸሐፊው በሰማው መንገድ የተጻፈ ስለሆነ አንዳንዴ ለባለቤቱም እንግዳ ነው። በደብተራችሁ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ስጡና ስሞቹን በሙሉ ከላይ ደርድሩ። ያለዚህ፣ በእድር መዝገብ ላይ ያለው ሰውና በጡረታ ደብተሩ ላይ ያለው ሰው አንድ መሆኑን ሳታውቁ ታልፋላችሁ።

የሴቶቹን መስመር አደራ። የአባትን አባት የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ የእናትን እናት አባት ስም ስትጠይቁ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ይህን የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ አክስቶች ናቸው። ከአክስቶች ጀምሩ።

ማንን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቋንቋ

በዕድሜ ትልቁን ሰው ሳይሆን ጤናው ያሳሰባችሁን ሰው አስቀድሙ። ሰዓቱን ደግሞ በድሬዳዋ ሙቀት ልክ ምረጡ። ከምሳ በኋላ ሽማግሌ ያርፋል፤ ያላረፈውም በርጫ ላይ ነው። የበርጫ ጨዋታ ሞቅ ያለና የሚጣፍጥ ነው፤ ከዚያ የሰማችሁትን ግን ሌላ ቀን ጠዋት ለብቻ ጠይቃችሁ አረጋግጡት። ለቀረጻ የሚመቸው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሌላም ምክንያት አለው፦ በቀን የሚሽከረከረው ቬንቲሌተር ድምፁን ይውጠዋል። በጆሮ ሲሰማ ቀላል የሚመስለው ሹሹታ በስልክ ቅጂ ላይ የደካማ ሽማግሌን ቃል ጨርሶ ይሸፍነዋል። ቬንቲሌተሩን የሚያስጠፋ የአየር ሁኔታ ጠብቁ፤ ወደ መንገድ የሚከፈተውን መስኮት ለባጃጅ ድምፅ ዝጉት። ስልኩን ከተናጋሪው አንድ ክንድ ርቀት ላይ በታጠፈ ጨርቅ ላይ አኑሩት፤ ጥሪ እንዳይገባም አጥፉበት።

ቡና ካለ መልካም ነው። በአቦሉ ስለ ጤናና ስለ ዘመድ ጠይቁ፤ ቀረጻውን በቶናው ጀምሩ። ከመጀመራችሁ በፊት «እማማ፣ የሚነግሩኝን ለልጆቻችን ላስቀምጠው ፈልጌ ነው፤ ብቀዳው ይፈቅዳሉ?» በሉና ፈቃዳቸውንም ቅዱት። ቀኑን፣ ቦታውንና የተገኙትን ሰዎች ስም በራሳችሁ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ተናገሩ።

የድሬ ሰው በአንድ ጭውውት ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ ያፈራርቃል። አታርሙት። አያታችሁ ልጅነታቸውን በኦሮምኛ ካስታወሱት በኦሮምኛ ይናገሩ፤ ቋንቋውን የሚችል የአክስት ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡ። በአማርኛ እንዲናገሩ ብታስገድዷቸው የምታገኙት የተቆራረጠ ወሬ ነው።

ትልቁን ጥያቄ ተዉት፣ ትንሹን ጠይቁ

የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ የነበሩ አንድ ጎረቤታችንን «ስለ ድሮው ባቡር ይንገሩኝ» ብላቸው «ጥሩ ነበር፤ ዲሲፕሊን ነበረ» አሉና ዝም አሉ። «ምሳዎን ማን ያመጣልዎት ነበር?» ስላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ምሳውን የምታመጣው እህታቸው ነበረች። ሰሃኑን በነጭ ጨርቅ አስራ ከመጋላ ተነሥታ ደቻቱን ትሻገራለች፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ምሳ አይደርስም፤ ያን ቀን ከአንድ ግሪካዊ የሥራ ባልደረባቸው ዳቦ ይካፈላሉ። ከዚያ ስለ እህትየው ጋብቻ፣ ስለ ግሪካዊው መሄድ፣ ስለ መጀመሪያ ደመወዛቸው እያሉ እስኪመሽ አወጉን። በአንዲት የምሳ ሰሃን የተከፈተው ወሬ የአንድን ቤተሰብ አሥር ዓመት አወጣ።

ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁ በእጅ የሚዳሰሱ ይሁኑ። እኔ ሁልጊዜ የማልተዋቸው እነዚህ ናቸው፦

- ወደ ድሬ ሲመጡ ከየት ተነሡ? በባቡር፣ በመኪና፣ በበቅሎ ወይስ በእግር?
- ማን ተቀበላችሁ? የመጀመሪያዋን ሌሊት የት አደራችሁ?
- ምን ይዛችሁ መጣችሁ? ከዚያ ውስጥ እስካሁን ያለ ዕቃ አለ?
- መጀመሪያ የተከራያችሁት ቤት በር ወደ የት ይዞር ነበር? ጎረቤቱ ማን ነበር?
- ወደ መጣችሁበት አገር ተመልሳችሁ ታውቃላችሁ? ካልሆነ ለምን?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትቸኩሉባት። ጠይቃችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝምም ሌላ ጥያቄ አትደርቡበት።

ቤተሰባችሁ የባቡር ከሆነ አንድ ልዩ መንገድ አላችሁ። ሠራተኛው ከጣቢያ ጣቢያ ይዛወር ስለነበር የልጆቹ የትውልድ ቦታ የአባትየውን የሥራ ታሪክ ይነግራችኋል። የመጀመሪያዋ ልጅ አይሻ፣ ሁለተኛው አዲጋላ፣ ሦስተኛው አፍደም፣ የመጨረሻዋ ድሬዳዋ ተወልደው ከሆነ፣ ጣቢያዎቹን በቅደም ተከተል ጻፉና በየመካከላቸው «እዚህ ስንት ዓመት ቆያችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደወሌ፣ ሺኒሌ፣ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ እያላችሁ ስሞቹን ጮክ ብላችሁ ስትጠሩ የተረሳ ነገር ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ዓመተ ምሕረቱን ማግኘት

አብዛኞቹ አዛውንት የተወለዱበትን ዓመት በቁጥር አያውቁትም። ዙሪያውን ግን ያውቁታል፤ የእናንተ ሥራ ከዙሪያው ወደ ቁጥሩ መድረስ ነው። ለዚህ የሚረዷችሁን የታወቁ ዓመታት በደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉ፦ ባቡር ድሬ የደረሰው 1895፣ የሰገሌ ጦርነት 1909፣ የሕዳር በሽታ 1911፣ ጣሊያን ድሬዳዋ የገባው ግንቦት 1928፣ የእንግሊዝ ጦር ጣሊያንን ያስወጣው መጋቢት 1933፣ አብዮቱ 1966፣ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ያጠቃው ነሐሴ 1969፣ የደርግ መውደቅ ግንቦት 1983፣ የደቻቱ ጎርፍ ሐምሌ 1998 ማብቂያ። «ጣሊያን ሲገባ ትሄዱ ነበር ወይስ ትታዘሉ ነበር?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ዓመትዎ ነው?» ከሚለው ይሻላል።

ክርስቲያን አያቶች ብዙ ጊዜ ወንጌላዊውን ያስታውሳሉ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍሉት ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት «በዘመነ ሉቃስ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተወለድኩ» ቢሉ 1935፣ 1939 ወይም 1943 ይሆናል። ታላቅ ወንድማቸውም ከጣሊያን በኋላ በዘመነ ዮሐንስ ከተወለዱ፣ ወንድምየው ከ1936 በፊት ሊወለዱ ስለማይችሉ የእናትየው ዓመት 1935 ሊሆን አይችልም። አንደኛ ክፍል የገቡት በ1947 መሆኑን የሚያሳይ ካርድ ከተገኘ ደግሞ፣ የአራት ዓመት ሕፃን አንደኛ ክፍል አይገባምና 1943ም ይወድቃል። የቀረው 1939 ነው። ይህን ስሌት ውጤቱን ብቻ ሳይሆን መንገዱን ጭምር በደብተሩ ጻፉት፤ ነገ አዲስ ማስረጃ ቢመጣ የት ላይ እንደሚነካው ይታወቃል።

በብዙ ቤት የቁልቢ ስለትም የዘመን መቁጠሪያ ነው። «ለገብርኤል ተስዬ ያገኘሁት» የተባለ ልጅ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ስለቱ ሲገባ ስንት ወሩ እንደነበር እናቱ አትረሳም።

ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የሒጅራ አቆጣጠርን አስታውሱ። የጨረቃ ዓመት ከእኛ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወደ ነበረበት ወቅት ይመለሳል። «ረመዳን ነሐሴ ላይ ውሎ፣ በዝናብ እየጾምን ነው ያገባሁት» ያሉ ሰው ስለ 1938፣ ስለ 1970 ወይም ስለ 2003 አካባቢ እያወሩ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ዕድሜያቸው ይለየዋል።

የባቡር ወረቀቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ጊዜ 7፣ ከጃንዩወሪ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ቀንሱ። ኦክቶበር 1950 የተጻፈ ደብዳቤ 1943 ነው፤ ማርች 1950 የተጻፈው ግን 1942።

ከቤት ውጭ

የእድር መዝገብ የመጀመሪያ ማቆሚያችሁ ይሁን። የአባላት ስም፣ የቤተሰብ ዝርዝር፣ የቀብር ቀን በውስጡ አለ፤ ጸሐፊውን በአክብሮት ጠይቁ፣ መዝገቡንም እዚያው አንብባችሁ መልሱ። የነፍስ አባት፣ የክርስትና እናት፣ ኒካህ ያሰሩ ሼኽ፣ ሚዜዎች፣ እነዚህ ሁሉ ቤተሰቡ የረሳውን ያስታውሳሉ። በመቃብር ስፍራ የድንጋዩን ጽሑፍ ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ ጎን ስትመታው ፎቶ አንሡ፤ የደበዘዘ ፊደል በዚያ ብርሃን ይነበባል።

ሰፈር ስትፈልጉ በቀበሌ ቁጥር አትመኩ፤ ቁጥሩ ተለዋውጧል። ግሪክ ካምፕ፣ ነምበር ዋን፣ ለገሃሬ፣ ገንደ ቆሬ፣ አፈተሳ፣ ሳቢያን የሚሉት ስሞች ግን ጸንተዋል። አያታችሁ መሄድ ከቻሉ በባጃጅ ይዛችኋቸው ዙሩ። ከዚራ ባለው አሮጌው የባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የሚነገር ታሪክ ሳሎን ውስጥ ከሚነገረው ይለያል።

ሥራችሁ ወደ ሐረር ከመራችሁ፣ የድሬ ብዙ ቤተሰብ ሥሩ እዚያው ነውና፣ «ከየትኛው በር አካባቢ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ሰው ቦታን በአምስቱ በሮች ይናገራል። በጁገል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ግቢ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም የቆዩ ጽሑፎችና የድምፅ ቅጂዎች ስላሉት፣ አያቶቻችሁ የኖሩበትን ዘመን ለመረዳት ይጠቅማችኋል። አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ያዙ። የ1879ኙ የጨለንቆ ጦርነት በአንዱ ቤት «አያታችን ከራስ መኮንን ጋር የመጣበት» ሲሆን፣ በሌላው ቤት ከተማቸውን ያጡበትና ሙታናቸውን የቀበሩበት ነው። በድሬና በሐረር ሁለቱ በጋብቻ ተገናኝተው አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ሁለቱንም እንደተነገሩ ጻፉ፤ ዳኛ አትሁኑ።

ፎቶግራፍና ጎርፍ የወሰደው

ፎቶውን በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ከላይ አንሡት። ጀርባውንም አንሡ፤ የስቱዲዮው ማኅተም ወይም «ለማይረሳኝ ወንድሜ» የምትል መስመር እዚያ ልትኖር ትችላለች። ስም ስትጽፉ በእርሳስ፣ በስሱ፣ በጀርባው ጠርዝ ላይ ይሁን። መስታወቱ ላይ የተጣበቀውን አትላጡት፤ ከነመስታወቱ አንሡት። ዋናዎቹን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ምስጥ ከሚደርስበት መሬት አርቃችሁ ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ባለው ግድግዳ በኩል አኑሩ።

የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ ቤቶችን ሲወስድ አልበሞቹንም ወሰደ። አልበም የጠፋበት ቤተሰብ ተስፋ አይቁረጥ። የሠርጋችሁ ፎቶ በሚዜዎቹ ቤት፣ የልጅነታችሁ ፎቶ ጅቡቲ በላካችሁላት አክስት ሣጥን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ፎቶ ይላክ የነበረው ለማን እንደሆነ አስታውሱና ወደዚያው ጻፉ።

ያልተስማማ ታሪክና ያልተነገረ ታሪክ

ሁለት እህትማማቾች ስለ አባታቸው አሟሟት ሁለት ነገር ቢነግሯችሁ ሁለቱንም ከነተናጋሪው ስም ጻፉ። አስታራቂ ሦስተኛ ታሪክ አትፍጠሩ።

የ1969ኙ ጦርነት፣ ቀይ ሽብር፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ የሃይማኖት መለወጥ፣ ከቤተሰብ የተባረረ ሰው፣ እነዚህ ሳታስቡት ይመጣሉ። ተናጋሪው «ይህን አትጻፈው» ካለ አይጻፍም። ስልኩን በፊታቸው አጥፉት። የሚያለቅስን ሰው ለታሪክ ብላችሁ አትግፉት፤ ውኃ አቅርቡ፣ ወሬውን ወደ ሌላ መልሱ፣ ከፈለጉ ራሳቸው ሌላ ቀን ይመለሱበታል።

ለቤተሰብ ማካፈል

ሁሉም እስኪያልቅ አትጠብቁ። አንድ ፎቶና ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ የድምፅ ቅጂ በቤተሰብ የቴሌግራም ቡድን ላይ ላኩና «በስተግራ የቆመችውን የሚያውቅ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካናዳ ያለው የአጎት ልጅ፣ ጅቡቲ ያለችው የእናት ወዳጅ በማግስቱ ይመልሳሉ። ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ ጥቂት ነው፤ የእናቱን ድምፅ የማይሰማ ግን የለም። የመታወቂያ ቁጥር፣ የቤት ካርታ፣ በሕይወት ያለ ሰው ምስጢር ግን እንዲህ ያለ ቦታ አይወጣም።

የተሰበሰበው ሲበረክት ትንሽ መጽሔት አዘጋጁ። ሃያና ሠላሳ ገጽ ይበቃል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ይታተማል። መጀመሪያ ለተናጋሪዎቹ አንብቡላቸው፤ ያረሙትን አርሙ፤ ከዚያ ቤተሰብ በሚሰበሰብበት በዓል፣ በኢድ ወይም በሙት ዓመት ላይ አድሉት። ድምፁንና ፎቶውን ቢያንስ ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ በኮምፒውተር፣ በፍላሽ፣ እንዲሁም ከድሬዳዋ ውጭ በሚኖር ዘመድ ዘንድ። በመጽሔቱ መጨረሻ ላይ ጥቂት ባዶ ገጾች ተዉ፤ ከላያቸው ላይ ዋናው ደብተር በማን እጅ እንዳለና እርማት ያለው ሰው ለማን እንደሚነግር ጻፉ።